ከእሳት አደጋ በኋላ፦ የቃጠሎና የኬሚካል ጉዳት ግንዛቤ በእስልምና ታሪክ

በእሳት፣ በፈላ ውሃና ቆዳን በሚበሉ ኬሚካሎች የሚደርስ ጉዳት ከሌሎች አደጋዎች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ስብራት የደረሰበት ሰው በአብዛኛው ወዲያው ሐኪም ወይም ወጌሻ ይፈለግለታል። የተቃጠለ ሰው ግን አስቀድሞ የሚደርሰው በቅርብ ያለው ሰው እጅ ነው፤ ያ እጅ ደግሞ የያዘውን ሁሉ ቁስሉ ላይ ያደርጋል። ቅቤ፣ አመድ፣ እንቁላል፣ ጭቃ፣ የጥርስ ሳሙና፣ አንዳንዴም በነቢያዊ ሕክምና ስም የሚቀርብ ነገር ይቀባል። ስለዚህ የጉዳቱ መጠን የሚወሰነው በእሳቱ ብቻ ሳይሆን ከእሳቱ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎችም ነው። ይህ ጽሑፍ በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ስለሚሠራው ሥራ የሙስሊሙ ማኅበረሰብ ሊቃውንትና ሐኪሞች ምን እንዳወቁ፣ የዘመናችን ሕክምና በምን ላይ እንደደረሰና የፊቅህ ሕግጋት ከዚህ ጋር እንዴት እንደሚገናኙ ይመረምራል።

ከሐበሻ የተመለሰው ልጅ

ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሰሓቦች መካከል ሓጢብ ኢብኑል ሓሪስ አል-ጁመሒ (ረ.ዐ.) ይገኙበታል። እርሳቸው በዚያው በሐበሻ ምድር ሲያርፉ ባለቤታቸው ኡሙ ጀሚል ልጆቻቸውን ሙሐመድንና ሓሪስን ይዘው ከስደተኞቹ ጋር ወደ መዲና ተመለሱ። ኢማም አሕመድ በሙስነዳቸው ባሰፈሩት ዘገባ እናት ለልጃቸው ለሙሐመድ የነገሩት ታሪክ ይገኛል። መዲና ለመግባት የአንድ ወይም የሁለት ሌሊት መንገድ ሲቀራቸው ምግብ እያበሰሉ ሳለ ማገዶ አለቀባቸው። እንጨት ፍለጋ ወጣ ሲሉ ልጁ ድስቱን ሲነካ ድስቱ ተገልብጦ ክንዱ ላይ ፈሰሰ። እናቱ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይዘውት ሄዱ፤ እርሳቸውም ራሱን ዳበሱት፣ ዱዓእ አደረጉለት፣ እጁም ዳነ።

ይህ ዘገባ ለእኛ ሁለት ነገሮችን ያስተምራል። አንደኛ፣ አደጋው በጦር ሜዳ ሳይሆን በምድጃ ዙሪያ የደረሰ ነው። እናት ለጥቂት ጊዜ ዘወር ሲሉ ሕፃን ድስት መገልበጡ ዛሬም በየቤታችን የሚደጋገም የቃጠሎ መንስኤ ነው። ሁለተኛ፣ እናቲቱ ልጃቸውን ከሁሉ በላይ ወደሚያምኑት ሰው ወስደውታል። የልጁ መዳን የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዱዓእ በረከት መሆኑን ዑለማዎች ተቀብለውታል። ሆኖም ከዚህ ዘገባ ተነስቶ ለተቃጠለ ሰው ዱዓእ ብቻ ይበቃዋል የሚል ብይን ማውጣት አይቻልም። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ከኡሳማ ኢብን ሸሪክ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአላህ ባሮች እንዲታከሙ አዘዋል፤ ከእርጅና በስተቀር መድኃኒት ያልተደረገለት በሽታ እንደሌለም ገልጸዋል። ሩቅያና ሕክምና አብረው የሚሄዱ ናቸው እንጂ አንዱ ሌላውን የሚያስቀር አይደለም።

የአመዱ ሐዲስና አላግባብ የተወሰደው ቂያስ

በቃጠሎ ላይ አመድ መነስነስን የሚደግፉ አንዳንድ ሰዎች የኡሑድን ዘገባ ይጠቅሳሉ። ሰህል ኢብን ሰዕድ ባስተላለፉትና ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ መሠረት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በኡሑድ ፊታቸው በቆሰለ ጊዜ ዐሊይ (ረ.ዐ.) በጋሻቸው ውሃ እያመጡ ፋጢማ (ረ.ዐ.) ደሙን ያጥቡ ነበር። ውሃው ደሙን ከማቆም ይልቅ እንደጨመረው ባዩ ጊዜ ፋጢማ የሰሌን ቁራጭ አቃጥለው አመዱን ቁስሉ ላይ አደረጉ፤ ደሙም ቆመ።

የዚህ ዘገባ ጭብጥ የሚደማ ቁስል ነው። ኢብኑል ቀይዪም (በ751 ዓ.ሂ. ያረፉት) ዛዱል መዓድ በተባለው መጽሐፋቸው ሲያብራሩት አመዱ የጠቀመው የማድረቅ ባሕርይ ስላለውና ደምን ስለሚገታ መሆኑን ይገልጻሉ። እንግዲህ በቂያስ ሕግ የብይኑ ምክንያት (ዒላ) በመነሻውም በተነጻጻሪውም ጉዳይ መገኘት አለበት። በቃጠሎ የሚያሠጋው ነገር የደም መፍሰስ ሳይሆን ቆዳ ውስጥ የቀረው ሙቀትና ቀጥሎ የሚመጣው የፈሳሽ መሟጠጥና መመረዝ ነው። ምክንያቱ ስለሌለ ብይኑም አይተላለፍም። ከዚህ ይልቅ ከፋጢማ (ረ.ዐ.) የምንማረው ሥርዓት አለ፤ መጀመሪያ በውሃ አጠቡ፣ ውጤቱን ተመለከቱ፣ እንዳልሠራ ሲያዩ ሌላ መንገድ ያዙ። ይህ በአስተዋይነት የሚሠራ የማንኛውም ሐኪም ሥርዓት ነው።

ሐኪሞቹ የደረሱበት

ከሦስተኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን በኋላ በሙስሊሙ ዓለም የነበሩ ሐኪሞች ስለ ቃጠሎ የጻፉት ከግሪኮች በተለይም ከጋሊኖስ በወረሱት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ነገር ግን በራሳቸው ምልከታ አስፋፍተውታል። በሬይና በባግዳድ ሆስፒታሎች የሠሩት አቡበክር አር-ራዚ (ከ865 እስከ 925 እ.ኤ.አ.) ለተቃጠለ ሰው ቀዝቃዛ ውሃን መክረዋል። ኢብን ሲና (በ1037 እ.ኤ.አ. ያረፉት) በቃኑን መጽሐፋቸው የእሳት ቃጠሎ ሕክምና ሁለት ግብ እንዳለው አስቀምጠዋል፤ አንዱ ቆዳው ውሃ እንዳይቋጥር መከላከል፣ ሁለተኛው የተቃጠለውን ማስተካከል ነው። ዛሬ ሐኪሞች የመጀመሪያ እርዳታንና የቁስል ሕክምናን ለይተው እንደሚያስተምሩት ሁሉ በዚህ አከፋፈልም የመጀመሪያው ሰዓት ከኋላ ካለው ሕክምና ተለይቶ ይታያል።

ከሁሉ በላይ ለጉዳያችን የሚቀርበው ግን የአንደሉሱ አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ (በ1013 እ.ኤ.አ. ገደማ ያረፉት) ሥራ ነው። አት-ተስሪፍ የተባለው መጽሐፋቸው ሠላሳ ክፍሎች አሉት፤ የመጨረሻው ስለ ቀዶ ሕክምና ሲሆን የሚጀምረውም ስለ መተኮስ ነው። አዝ-ዘህራዊ ሁለት ዓይነት መተኮስን ለይተዋል፤ አንዱ በጋለ ብረት፣ ሌላው በሚያቃጥል መድኃኒት የሚደረግ ነው። ከሁለቱም የብረቱን መርጠዋል፤ ምክንያታቸውም የእሳት ሥራ በተተኮሰው አካል ላይ ተወስኖ ሲቀር የሚያቃጥል መድኃኒት ግን ከቦታው አልፎ ሌላ አካል ሊጎዳ እንደሚችል ማየታቸው ነው። በዚህ አባባል ውስጥ በሙቀትና በኬሚካል ጉዳት መካከል ያለው ዋና ልዩነት አስቀድሞ ተነግሯል። እሳት ከተወገደ ማቃጠሉን ያቆማል፤ ቆዳን የሚበላ ነገር ግን ከቆዳው እስኪወገድ ድረስ ሥራውን አያቆምም።

መጽሐፉ በአሥራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን በጄራርድ ዘክሬሞና ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተነብቧል። ዛሬ በየላቦራቶሪው የሚነገረው አልካሊ የሚለው ቃልም ከዐረብኛው አል-ቀሊ፣ ማለትም ከተክል አመድ ከሚወጣው ለሳሙና መሥሪያ የሚሆን ነገር የተወሰደ ነው።

የዘመናችን ሕክምና

የአር-ራዚ የቀዝቃዛ ውሃ ምክር ለብዙ ዘመናት በቅባትና በልዩ ልዩ ልጥፍ ተሸፍኖ ቆየ። በ1607 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ፋብሪሲየስ ሂልዳኑስ ስለ ቃጠሎ ባሳተመው መጽሐፍ ጉዳቱን በጥልቀቱ በሦስት ደረጃ ከፈለው። በ1925 እ.ኤ.አ. ታኒክ አሲድ በቁስሉ ላይ መርጨት በሰፊው ተጀመረ፤ ጉበትን እንደሚጎዳ በመታወቁ ግን በ1940ዎቹ ተተወ። ብዙ ሰዎች የተቀበሉት ሕክምና ሁሉ ትክክል እንዳልሆነ ይህ አንድ ምስክር ነው። በኅዳር 1942 እ.ኤ.አ. በቦስተን ከተማ በአንድ የምሽት ክበብ የደረሰ እሳት 492 ሰዎችን ገደለ። ከዚያ አደጋ በኋላ ሐኪሞች ሁለት ነገሮችን አጥብቀው አጠኑ፤ በጭስ የተጎዳ ሳንባ ከቆዳው ቁስል ይልቅ ሊገድል እንደሚችልና የተቃጠለ ሰው ከሰውነቱ የሚያጣውን ፈሳሽ በፍጥነት መተካት እንዳለበት።

በ1951 እ.ኤ.አ. የተቃጠለውን የሰውነት ስፋት በዘጠኝ እጅ የሚከፍል ቀላል ስሌት ወጣ። በዚህ መሠረት በአዋቂ ሰው ራስና አንገት 9 በመቶ፣ እያንዳንዱ ክንድ 9 በመቶ፣ እያንዳንዱ እግር 18 በመቶ፣ የደረትና ሆድ ፊት ለፊት 18 በመቶ፣ ጀርባ 18 በመቶ፣ ቀሪው 1 በመቶ ይታሰባል። ሕፃናት ላይ የራስ ድርሻ ከዚህ ይበልጣል። ከዚያም በ1959 እ.ኤ.አ. የአይስላንዱ ሐኪም ኦፌይግሰን የቀዝቃዛ ውሃን ጥቅም በሙከራ መርምሮ አሳተመ። አር-ራዚ ከሺህ ዓመት በፊት የመከሩት እንዲህ ባለ መንገድ በማስረጃ ተረጋገጠ። ዛሬ የተቀበልነው ሥርዓት የተቃጠለውን ቦታ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማቀዝቀዝ ነው፤ ከአደጋው በኋላ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥም ቢሆን ይጠቅማል። በረዶ ግን ቆዳውን ይበልጥ ስለሚጎዳ አይደረግም፤ ሕፃን ከሆነ ደግሞ የቀረው ሰውነቱ እንዳይበርደው መሸፈን አለበት።

ስለ ማር አንድ ማብራሪያ ያስፈልጋል። በቁርኣን በሱረቱ አን-ነሕል ማር ለሰዎች መድኃኒት እንዳለበት ተገልጿል። በዘመናችን የተደረጉ ጥናቶችም ጥልቀት የሌለው ቃጠሎ ላይ በሕክምና ሥርዓት የሚደረግ ማር ቁስሉ ቶሎ እንዲድን ሊረዳ እንደሚችል አሳይተዋል። ይህ ግን ቁስሉ ከቀዘቀዘና ከጸዳ በኋላ በባለሙያ የሚደረግ ነው። ገና ሙቀቱ ባልወጣ ቆዳ ላይ ማር መቀባት ሙቀቱን አፍኖ ያስቀራል፤ ሐኪሙም የቁስሉን ጥልቀት እንዳያይ ያግደዋል።

የኬሚካል ጉዳትና ሁለት የታሪክ ምስክሮች

በኬሚካል የተቃጠለ ሰው የሚደርስበት ጉዳት በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ በኬሚካሉ ዓይነት፣ በብርታቱና በቆዳው ላይ በቆየበት ጊዜ። ከሦስቱ በአጠገብ ባለ ሰው እጅ ያለው የመጨረሻው ብቻ ነው። እንደ ባትሪ አሲድ ያሉ አሲዶች በአብዛኛው ሥጋውን አድርቀው እንደ ቅርፊት ስለሚያደርጉት ወደ ውስጥ መግባታቸው በተወሰነ ደረጃ ይገደባል። እንደ ኮስቲክ ሶዳና ኖራ ያሉ አልካሊዎች ግን ስቡን እያሟሙ ሥጋውን እያላሉ ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ፤ መጀመሪያ ላይ ሕመሙ ትንሽ መስሎ ሊታይም ይችላል። በዓይን ላይ ሲሆን ይህ ባሕርያቸው ብርሃን የሚያሳጣ ነው።

ይህን እውቀት ያስተማሩ ሁለት አሳዛኝ ምስክሮች አሉ። አንደኛው በአገራችን የሆነ ነው። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ከ1935 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የሰናፍጭ ጋዝ በኢትዮጵያውያን ላይ አዘነበ፤ ይህም የሆነው የ1925ቱ የጄኔቫ ስምምነት የመርዝ ጋዝን ከከለከለ በኋላ ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 30 ቀን 1936 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ ለመንግሥታት ማኅበር ያሰሙት አቤቱታ ይህንኑ የሚናገር ነበር። የሰናፍጭ ጋዝ በባሕርዩ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወዲያው አያምም፤ ቆዳው የሚቀላውና ውሃ የሚቋጥረው ከሰዓታት በኋላ ነው። ምን እንደነካው ያላወቀ ሰው ልብሱን ሳያወልቅ፣ ገላውን ሳይታጠብ ይቆያል፤ ጉዳቱም በዚያ መጠን ይሰፋል።

ሁለተኛው በታኅሣሥ 2 ቀን 1943 እ.ኤ.አ. በኢጣሊያ የባሪ ወደብ የደረሰው ነው። የጀርመን አውሮፕላኖች ወደቡን ሲደበድቡ ጆን ሃርቪ በተባለው የአሜሪካ መርከብ በምስጢር ተጭኖ የነበረ የሰናፍጭ ጋዝ ቦምብ ፈንድቶ ፈሳሹ በባሕሩ ላይ ከተንሳፈፈው ዘይት ጋር ተቀላቀለ። ከባሕሩ የወጡት ሰዎች ሆስፒታል ደርሰው በቅን ልብ በብርድ ልብስ ተጠቀለሉ፤ ብዙዎቹ ግን በዘይት የራሰ ልብሳቸው አልወለቀላቸውም፣ ገላቸውም አልታጠበም። ከ600 በላይ ሰዎች በጋዙ ተጎድተው ከ80 በላይ ሞቱ። የሁለቱም ታሪክ ትምህርት አንድ ነው፤ ልብስ ማውለቅና በብዙ ውሃ ማጠብ ከመድኃኒት ሁሉ ይቀድማል።

ስለዚህ በኬሚካል የተነካ ሰው ልብሱ፣ ቀለበቱና አምባሩ ወልቆ በሚወርድ ውሃ ለረጅም ጊዜ፣ ከ20 ደቂቃ በማያንስ ጊዜ ይታጠባል። እንደ ኖራ ያለ ደረቅ ዱቄት ከሆነ ከውሃው በፊት በደረቅ ጨርቅ ይራገፋል፤ ውሃ ሲነካው ይፈላልና። በአሲድ ላይ አልካሊ፣ በአልካሊ ላይ አሲድ ማፍሰስ ተጨማሪ ሙቀት ስለሚያመጣ አይደረግም። በረኪና ወይም ሌላ ኬሚካል የዋጠ ሰው እንዲያስመልሰው አይገደድም፤ ወደ ታች ሲወርድ ያቃጠለው ወደ ላይ ሲመለስ ደግሞ ያቃጥላልና።

ፊቅሁ ከዚህ ጋር የሚገናኝበት

መጀመሪያ የዐውራ ጉዳይ ነው። በተለይ ሴት በተቃጠለች ጊዜ ልብሷን ለማውለቅ ማፈር፣ ሴት ሐኪም እስክትገኝ መጠበቅ፣ ሰው ዘወር እንዲል መጠየቅ ውድ ደቂቃዎችን ይወስዳል። ዑለማዎች ለሕክምና ፍላጎት በሚበቃ መጠን ማየትና መንካት እንደሚፈቀድ ደንግገዋል፤ ችግር የተከለከለውን ትፈቅዳለች፣ የተፈቀደውም በችግሩ ልክ ይወሰናል የሚለው መርሕም የታወቀ ነው። ቡኻሪ እንደዘገቡት አር-ሩበይዒ ቢንት ሙዐውዊዝ (ረ.ዐ.) ሴቶች ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር ዘምተው ቁስለኞችን ያክሙ እንደነበር ተናግረዋል። የምትቃጠልን ሴት ልብስ ማውለቅና ውሃ ማፍሰስ ዐውራን መድፈር አይደለም፤ ከታጠበች በኋላ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ሕክምናውንም ክብሯንም ይጠብቃል።

ሁለተኛው የጦሃራ ጉዳይ ነው። አቡ ዳውድ ከጃቢር (ረ.ዐ.) በዘገቡት መሠረት በጉዞ ላይ ራሱን የቆሰለ ሰው ጉስል ግዴታ ሲሆንበት ባልደረቦቹን ጠየቀ፤ ውሃ እያለ ተየሙም አይፈቀድልህም አሉት፤ ታጥቦም ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲሰሙ በብርቱ ቃል ገሠጿቸው፤ የገደሉት እነርሱ እንደሆኑና ያላወቀ ሰው መድኃኒቱ መጠየቅ እንደሆነ ነገሯቸው። ስለ ፋሻ ማበስ የሚናገረውን የሐዲሱን ተጨማሪ ክፍል ሙሐዲሶች ደካማ ቢሉትም መሠረታዊው ትምህርት ግን የጸና ነው። የተቃጠለ ሰው ቁስሉን ውሃ የሚጎዳው ከሆነ በሻፊዒ መዝሀብ ጤነኛውን አካል አጥቦ፣ ፋሻውን አብሶ፣ ለቀረው ተየሙም ያደርጋል። በሐነፊ መዝሀብ ደግሞ አብዛኛው አካል ጤነኛ ከሆነ አጥቦ ቁስሉን ያብሳል፤ አብዛኛው ቆስሎ ከሆነ ተየሙም ይበቃዋል። እዚህ ላይ መምህራን ሊለዩት የሚገባ ነገር አለ። በአደጋው ሰዓት ውሃ መድኃኒት ነው፤ ቁስሉ ከታሸገ በኋላ ግን ለውዱእ የሚፈስ ውሃ ሊጎዳ ይችላል። አንዱን ብይን በሌላው ጊዜ መስጠት ስሕተት ነው።

ሦስተኛው የጀናዛ ጉዳይ ነው። በሙወጠእና በአቡ ዳውድ በተዘገበው ሐዲስ በእሳት የሞተ ሰው ከሸሂዶች ተቆጥሯል። ይህ የአኺራ ሸሂድነት ነው፤ በዱንያ ግን እንደማንኛውም ሙስሊም ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ይሰገድበታል። ሲታሽ አካሉ የሚፈራርስ ከሆነ ሳይታሽ ውሃ ይፈስበታል፤ ይህም ካልተቻለ በሻፊዒዎችና በሐንበሊዎች ዘንድ ተየሙም ይደረግለታል። ይህ ደረጃ ለሟች ቤተሰብ መጽናኛ ነው፤ ለሕያዋን ግን ከእሳት አለመጠንቀቅን የሚፈቅድ አይደለም። ቡኻሪ ከአቡ ሙሳ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት በመዲና አንድ ቤት በሌሊት በነዋሪዎቹ ላይ በተቃጠለ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እሳት ጠላት መሆኑን ነግረው ከመተኛት በፊት እንዲጠፋ አዘዋል። በሚያዝያ 15 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. በሚና የሐጃጆች ድንኳኖች ተቃጥለው 343 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ድንኳኖቹ እሳት በማይበላው ጨርቅ መለወጣቸው የዚሁ ትእዛዝ ዘመናዊ አፈጻጸም ሊባል ይችላል።

በአገራችን ያለው ኃላፊነት

በኢትዮጵያ በተለይ በገጠር እሳቱ መሬት ላይ የሚነድ በመሆኑ ሕፃናትና የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ከሁሉ በላይ ይጎዳሉ። የሚጥል በሽታ ይተላለፋል ወይም ጂኑ ወደ ነካው ሰው ይገባል የሚል እምነት ባለበት ቦታ ሰው እሳት ላይ ወድቆ እያለ የሚያወጣው እጅ ይዘገያል። በሽታው የአንጎል ሕመም ነው፤ በመንካት አይተላለፍም፤ ነፍስን ማትረፍ ደግሞ ከሸሪዓ አምስት ዓላማዎች አንዱ ነው። ይህን ከሚንበር መናገር የኢማም ድርሻ ነው፤ የሚሰማው ሰው ሐኪሙን ከሚሰማበት ይልቅ ኢማሙን በሚሰማበት ቦታ ደግሞ ድርሻው ግዴታ ይሆናል።

በመድረሳም ተማሪዎች የተየሙምን ምዕራፍ ሲማሩ የጃቢርን ሐዲስ በቃል ከመያዝ ባሻገር የተቃጠለ እጅ ምን ማድረግ እንዳለበት ቢማሩ ፊቅሁ ከሕይወታቸው ጋር ይገናኛል። የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ እሳቱን ማጥፋት፣ ልብስና ጌጥ ማውለቅ (ቆዳ ላይ የተጣበቀውን ሳይነቅሉ)፣ 20 ደቂቃ ውሃ ማፍሰስ፣ ምንም ሳይቀቡ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፣ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ። ፊት፣ እጅና ብልት የተቃጠለበት፣ ጭስ የሳበ፣ በኬሚካል ወይም በኤሌክትሪክ የተጎዳ፣ እንዲሁም ሕፃንና አዛውንት ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በሐኪም መታየት አለባቸው። ጠያቂ ወደ ኢማም መጥቶ ቁስል ላይ ምን ልቀባ ሲል ትክክለኛው መልስ ዱዓእ አድርጎለት ወደ ሐኪም መላክ ነው፤ ሳያውቁ መፍረድ ምን እንደሚያስከትል የጃቢር ሐዲስ ነግሮናልና። ወላሁ አዕለም።